በአካል ይቅረቡ

ባለቤቴን የሸኙት በአንድ ጋቢና በአንድ ረጅም ንግግር ነው።

ቦታው ጎጆ ነበር፤ ከአምቦ በስተሰሜን ደጋው ላይ ያለችው፣ ብርዷ አጥንት ድረስ የሚዘልቀው የገብስና የድንች ከተማ። ደርግ ከወደቀ ሰባት ዓመት ገደማ ይሆነው ነበር። ባለቤቴ ሃምሳ አምስት ዓመት ሞላው ተባለና በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት አዳራሽ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ ከወረዳ የመጣ አንድ ሰው ተነሥቶ ስለ ሻማ ተናገረ። መምህር ማለት እሱ እየነደደ ለሌላው የሚያበራ ሻማ ነው አለ። ተጨበጨበ። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለትና ፎቶ ተነሡ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ «ነዶ ሲያልቅስ ምን ታደርጉታላችሁ?» እያልኩ አስባለሁ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቀኑን እንዳላበላሽበት ብዬ ዋጥኩት።

መልሱ አልዘገየም። ጋቢው ገና ውሃ ሳይነካው ደብዳቤ መጣ። የምንኖርባት ቤት የትምህርት ቤቱ ስለሆነች ለሚተካው መምህር በአስቸኳይ እንድትለቀቅ ይላል። ያመጣው ዘበኛ አፍሮ ኖሮ እጄ ላይ ጥሎልኝ ሄደ፤ «ቡና ጠጣ» ብለው እንኳ ዞር አላለም። ባለቤቴ አነበበው፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተውና፣

«ልክ ናቸው እኮ፤ ቤቱ የእነሱ ነው» አለ።

እሱ እንዲህ ነበር። ሰው ሲበድለው ለበዳዩ ምክንያት ፈልጎ የሚያቀርብ ሰው ነው። የምናደደው እኔ ነበርኩ፤ ዛሬም የምናደደው እኔ ነኝ፣ በሁለታችን ፋንታ።

«ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩ ቤት ያልሠሩት ምን ሲያደርጉ ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ልንገረው። ስንጋባ እኔ ወንጪ ጤና ረዳት ነበርኩ፤ እሱ ሐሮ ወንጪ፣ ከሐይቁ ዳር ያስተምር ነበር። ቁልቁለቱን በፈረስ እየወረድኩ፣ አንዳንዴም በጀልባ እየተሻገርኩ፣ የታመመ አያለሁ፤ አዋልዳለሁ። እዚያ ትንሽ ቤት ለመሥራት እንጨት መግዛት ጀምረን ነበር። እንጨቱ ሳይደርቅ እሱን ወደ ሌላ ወረዳ አዛወሩት። ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላ። መምህር ያኔ እንደ ጠረጴዛ ነው፤ አንሥተው ወስደው የሚያስቀምጡት ቦታ ይቀመጣል። በመጨረሻ ጎጆ ሲደርሰው ለእኔ እዚያ ክፍት የሥራ መደብ የለም ተባለ። ኃላፊዬ የነበረው ሰው ማመልከቻዬን ሳያነብ ሳቀና፣

«ወይ ባልሽን ተከተይ፣ ወይ ደመወዝሽን ተከተይ» አለኝ።

ባሌን ተከተልኩ። አገልግሎቴ ዐሥር ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው የለቀቅኩት። ዐሥር ዓመት ያልሞላው ጡረታ የለውም። በእጄ የተወለዱት ልጆች ዛሬ ልጅ ወልደዋል፤ እኔ ግን በመንግሥት ዓይን ሠርቼ አላውቅም።

ከጎጆ የወጣነው ድንች በጫነ አይሱዙ ላይ ነው። አልጋችን፣ ቁም ሳጥኑና የመጽሐፍ ካርቶኖቹ ከጆንያው በላይ ታሰሩ። እኔ ጋቢና ውስጥ ገባሁ፤ እሱ «መጽሐፎቹ እንዳይወድቁ» ብሎ ከላይ ከድንቹ ጋር ተቀመጠ። ያ መንገድ ጤነኛውን ሰው የሚያሳምም ነው። አምቦ ስንደርስ ከላይ ሲወርድ እግሩ ደንዝዞ ቆሞ መራመድ አቅቶት ነበር። የለበሰው ያንኑ የሽኝቱን ጋቢ ነው፤ አቧራ ጠጥቶ መልኩ ጠፍቷል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የጡረታ መውጫ ዕድሜ ስልሳ ሆነ ተባለ። ሃምሳ አምስት ዓመት ሰው ገና የሚሠራበት ዕድሜ ነው ብለው ነገሩን። ባለቤቴ ይህን ያኔ ነግሯቸው ነበር። የአፍ መፍቻ ቋንቋው ኦሮምኛ ነው፤ ትምህርቱ በኦሮምኛ ይሁን ሲባል ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል የላቲን ፊደሉን፣ ቁቤን ተምሮ፣ የትምህርት ማስታወሻውን ሁሉ እንደ አዲስ ጽፎ ነበር። በደስታ ነበር የሠራው። «አሁን ገና ነው ልጆቹ ዓይን ውስጥ ‘ገባን’ የሚለውን ያየሁት» ይለኝ ነበር። ያንን ሰው ነው ሻማ ብለው እፍ ያሉት።

አምቦ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ሁለት ክፍል ተከራየን። አከራያችን ባለቤቷ የሞተባት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር የማትቀር፣ ደግ ሴት ናት። መጀመሪያ ላይ ኑሮው ይገፋ ነበር። ጡረታው ትንሽ ቢሆንም እሱ ለተማሪዎች ማጠናከሪያ ያስተምራል፤ እኔ ዳቦ እጋግርና ለሱቆች እሰጣለሁ። አንዲት ሴት ልጃችን መምህርት ሆና ኢሉባቦር ተመድባ ነበር፤ የአባቷን ጥሪ ወርሳ፣ የአባቷንም ደመወዝ ጭምር። ልትጦረን ፈለገች እንጂ አቅም አልነበራትም።

ጡረታ የሚለው ቃል ራሱ ያናድደኛል። ጡረታ ማለት መጦር ነው። ልጅ እናቱን ጦረ ይባላል፤ ማለት አበላ፣ አጠጣ፣ ከብርድ ጠበቀ፣ ስትታመም ተሸክሞ ሐኪም ቤት ወሰደ ማለት ነው። ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ ተብሎ ይመረቃል። ታዲያ ከባለቤቴ ደመወዝ በየወሩ ሲቆርጥ የኖረው መንግሥት ጧሪ ነኝ ካለ እንደ ጧሪ ይሁን። የሰጡት የተወሰነ ብር ነው፤ ብሩ ባለበት ቆሞ ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ከሰሉ በየዓመቱ ሽቅብ ሮጠ። አንዳንዴ ጭማሪ አለ ይባልና በሬዲዮ ሲነገር ገበያው ቀድሞ ይሰማል። ጭማሪው እጃችን ሳይገባ ጤፉ ይጨምራል። መጀመሪያ ጤፉን ከገብስ ጋር ቀላቀልን፤ ቀጥሎ ጤፉ ቀርቶ ገብሱ ብቻ ሆነ። ባለቤቴ «የደጋ ሰው ነኝ፣ ገብስ ለእኔ ምን ይለኛል» እያለ ይበላል። እኔ የምጋግረው እያለቀስኩ ነው፤ ከጭሱ ነው እላለሁ።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲው እየሰፋ መጣ። ለከተማው መልካም ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ካምፓስ ውስጥ ማደር የማይፈልጉ ተማሪዎች፣ አዳዲስ አስተማሪዎች፣ ሠራተኞች ሁሉ ክፍል ይፈልጋሉ። አምስት ተማሪ አንድ ክፍል ተከራይቶ በነፍስ ወከፍ ሲከፍል ሁለት ሽማግሌ ምን ያወዳድራቸዋል? አከራያችን አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ ጣቷን ስታፍተለትል ቆየችና፣

«አዴ፣ በጌታ ይዤሻለሁ እንዳትቀየሚኝ። እኔም የምኖረው በዚህችው ቤት ነው» አለችኝ።

ለእሷም አዘንኩ። አንዱን ክፍል መለስንላት፣ በአንዱ ተጣበብን። መጽሐፎቹ ከአልጋ ሥር ገቡ። ማጠናከሪያ የሚማሩት ልጆች መቀመጫ ስላጡ እየቀነሱ መጡ፤ ያቺም ትንሽ ገቢ ቀረች።

በዚያው ዓመት ነው ባለቤቴ የወደቀው። ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ወጥቶ የውሃ ጣሳው ሲወድቅ ሰማሁ። ጤና ረዳት የነበርኩ ሰው ስለሆንኩ ፊቱን ሳየው ገባኝ፤ አንዱ ወገን ወደ ታች ወርዷል። ደም ግፊቱ ነው፤ ስትሮክ። መድኃኒቱን የሚውጠው እያቆራረጠ እንደነበር በኋላ አወቅኩ። ለምን ብትሉ ስለሚወደድ ነው። ለእኔ ግን «ዋጥኩ» ይለኝ ነበር። ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን ሽባ ሆኑ፣ ምላሱም ተያዘ። የሚገርመው፣ አብዛኛውን ዕድሜውን የተናገረውና ያስተማረበት አማርኛ ከአፉ ጠፋ። የቀሩት ጥቂት የኦሮምኛ ቃላት ናቸው፤ ውሃ፣ ና፣ ተዪ፣ የልጃችን ስምና የመሳሰሉት። በአማርኛ ሳናግረው ይሰማል፣ እንደገባው ዓይኑ ላይ ይታያል፤ መመለስ አይችልም። እኔም ወንጪ የለመድኩትን ኦሮምኛ ይዤ ከእሱ ጋር እንደ አዲስ መነጋገር ጀመርኩ።

ጡረታውን በውክልና እኔ እቀበል ነበር። መክፈያው ቢሮ ከገበያው በላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ላይ ነው፤ ታች ሱቆች አሉ፣ ቢሮው ላይ ነው። ለሽማግሌ የሚከፍል ቢሮ ደረጃ ላይ እንዲሰቀል ያደረገው ማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። በየወሩ ጉልበታቸውን የያዙ፣ ከዘራ የተደገፉ ሰዎች እየቆሙ እየተነፈሱ ይወጣሉ። እዚያ ሰልፍ ላይ ከተዋወቅኳቸው አንዱ የመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ የነበሩ አዛውንት ናቸው፤ ግዙፍ፣ ድምፃቸው ከሞተሩ ጋር ሲጮህ ስለኖረ ቀስ ብለው መናገር የማይችሉ። የባለቤቴን ሁኔታ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል።

አንድ ሰኔ ላይ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ማንኛውም ባለጡረታ በሕይወት መኖሩን ለማረጋገጥ እስከ ሐምሌ መጨረሻ በአካል ይቅረብ፤ ያልቀረበ ክፍያው ይቋረጣል። በውክልና አይቻልም። ገብቼ ጉዳዩን የያዘውን ወጣት አናገርኩት። ባለጌ አልነበረም። ይህን የምለው በኋላ የሆነውን ስትሰሙ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ ነው፤ ክፉ ቢሆን ንዴቴ ይቀለኝ ነበር።

«ባለቤቴ ከአልጋ አይነሣም» አልኩት። «የሐኪም ወረቀት አለ፣ የቀበሌም አመጣለሁ።»

«እናቴ፣ ወረቀት አይቻልም። ሰው ሞቶ ቤተሰብ በወረቀት ሲበላ ስለተገኘ ነው መመሪያው የወጣው።»

«እሺ፣ አንተ ና እየው። ቤታችን ከወንዙ ማዶ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ደርሰህ ትመለሳለህ። ሻይ አጠጣሃለሁ።»

ፈገግ አለ። «ቢሮ ለቅቄ ቤት ለቤት እንድሄድ አልተፈቀደልኝም። ‘በአካል ቀርቦ’ ነው የሚለው።»

«መቅረብ እኮ አንተም ትችላለህ። እግር ያለህ አንተ ነህ።»

«መመሪያ ነው፣ እናቴ» አለና ቀጣዩን ሰው ጠራ።

አለቃው ዘንድም ገባሁ። እሱ ጭራሽ ቀና ብሎም አላየኝም፤ «ለአንድ ሰው ብለን አሠራር አንለውጥም» ብሎኝ ስልክ አነሣ። ስወጣ ግሬደር ነጂው ደረጃው ላይ አገኙኝና ፊቴን አይተው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣

«ባርሲሳን እናመጣቸዋለን» አሉ፣ መምህሩን ማለታቸው ነው። «በአካል አይደል የሚሉት? አካሉን እናቀርብላቸዋለን።»

ሐምሌ አምቦ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ዝናብ የማይጥልበት ቀን ጠበቅን፣ ጠበቅን፤ አልመጣም። ቀነ ገደቡ ሲቃረብ በካፊያ ወጣን። ባጃጅ ሞክረን ነበር፤ የማይታጠፍ እግር ይዞ ውስጡ አይገባም። መኪና ለመኮናተር አቅም የለንም። ስለዚህ የፈረስ ጋሪ ያዝን፣ ፍራሹን ጋሪው ላይ አነጠፍን፣ ባለቤቴን በትራስ ደጋግፈን አስቀመጥንና በላስቲክ ሸፈንነው። ሸሚዝና ክራቫት አልብሼው ነበር። ክራቫቱን ሳስርለት በግራ እጁ እጄን ይዞ አየኝ፤ «ለምንድን ነው?» የሚል አስተያየት ነው። ምን ልበለው? «ቢሮ ነው የምንሄደው» አልኩት። በሕይወት እንዳለህ ልናሳይ ነው ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።

ጋሪው በኮብልስቶኑ ላይ ሲንገጫገጭ ከየሱቁ ሰው ወጥቶ ያያል። አንዳንዱ የሚያውቀው ሰላም ይለዋል፣ አንዳንዱ ሬሳ የያዝን መስሎት ባርኔጣውን ያወልቃል። ይህን አልረሳም። ባርኔጣውን ያወለቀው ሰውዬ ባለቤቴ ዓይኑን ሲያንቀሳቅስ አይቶ በድንጋጤ መልሶ አጠለቀው።

ግቢው በር ላይ ዘበኛው እጁን ዘረጋ። «ጋሪ አይገባም። ፈረሱ ግቢ ያቆሽሻል።»

ግሬደር ነጂው ከሌሎች ጡረተኞች ጋር ቀድመው ደርሰው ነበር። ከታችኛው ሱቅ ወንበር ለመኑ፣ ባለቤቴን ወንበሩ ላይ አስቀመጡት፣ አራት ሆነው አነሡት። ከአራቱ አንዱ እንኳ ስልሳ ዓመት ያልዘለለው የለም። አንዱ የወገብ በሽተኛ ናቸው፤ ፊታቸው ሲጨማደድ እያየሁ «ተዉ ይልቀቁ» ብላቸው «ዝም በይ» ብለው ተቆጡኝ። እስከ ደረጃው ግርጌ አደረሱት። ደረጃው ጠባብ ነው፣ ርጥብ ነው፣ ወንበር ተሸክሞ መውጣት አይታሰብም። እኔ ሮጬ ወጣሁ።

«መጥቷል» አልኩት ወጣቱን። «ታች ነው። ውረድና እየው።»

ወጣቱ በመስኮት ወደ ታች አየ። የባለቤቴ ጭንቅላት፣ የላስቲኩ ጫፍ፣ የሽማግሌዎቹ ትከሻ ይታያል።

«አየኋቸው፤ ግን እዚህ ቀርበው መሆን አለበት። ማንነታቸውን ጠይቄ ነው መዝገብ ላይ የምሞላው።»

«ደረጃውን እንዴት ይውጣ?»

«እሱን እናንተ ናችሁ የምታውቁት።»

«መመሪያው እግር የለውም?» አልኩ። ድምፄ ከራሴ ቁጥጥር ወጥቶ ነበር። «ሠላሳ ዓመት በዚህ ሁሉ ተራራ ላይ ሲያንከራትቱት፣ ወንጪ ሂድ፣ ጎጆ ሂድ ሲሉት አንድም ቀን ደከመኝ ብሎ አያውቅም፤ ሄዷል! ዛሬ እናንተ አሥራ ምናምን ደረጃ ወርዳችሁ ልታዩት አትችሉም? ሰው አይደለም? ዕቃ ነው?»

ወጣቱ ጆሮው ቀላ፤ አለቃው ካለበት ክፍል «ምንድን ነው ጩኸቱ?» የሚል ድምፅ መጣ። ማንም አልተነሣም።

ታች የነበሩት ሰምተው ኖሯል። የግሬደር ነጂው ድምፅ ከታች አስተጋባ፦ «ካልወረዱ እኛም አንወጣም!» ከዚያ ሄደው የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ሌላው ተቀመጠ። ሰልፍ ይጠብቁ የነበሩት ሴቶች፣ ከላይ የነበሩት ሁሉ፣ አንድ በአንድ እየወረዱ በደረጃው ላይ ከላይ እስከ ታች ተደርድረው ተቀመጡ። የጮኸ የለም፣ የተሳደበ የለም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ፤ በቃ። በዚያ ደረጃ ላይ ሰው ሳይረግጡ መውጣትም መውረድም የማይቻል ሆነ።

ቆየን። ካፊያው ጠንከር አለ። እኔም በመካከላቸው ወርጄ የላስቲኩን ጫፍ በባለቤቴ ራስ ላይ ይዤ ቆምኩ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ አለቃው ቁልፉን እያሽከረከረ ወጣና ደረጃው አፍ ላይ ደረሰ። ቁልቁል አየ። ነጭ ጸጉር ብቻ ነው የሚታየው። «አሳልፉኝ እንጂ» አለ። ማንም ቀና አላለም። አንዲት የወታደር ሚስት የነበሩ አሮጊት ብቻ፣ «ልጄ፣ እኛ እኮ በአካል ቀርበን ነው» አሉት።

አለቃው ተመለሰና ወጣቱን «በቃ ውረድና ጨርስላቸው!» ሲል ሰማን። ያኔ ደረጃው ላይ ያሉት ጉልበታቸውን እየሰበሰቡ መንገድ ከፈቱ።

ወጣቱ መዝገቡን በደረቱ ይዞ ወረደ። ባለቤቴ ፊት ቆመና በቢሮ ድምፅ፣

«አባት፣ ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» አለ።

ባለቤቴ አየው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ወጣቱ ወደ እኔ ዞረ። «መናገር ካልቻሉ ማንነታቸውን…»

«መጀመሪያ ሰላም በለው!» አልኩት። «ከብት ልትቆጥር አይደለም የመጣኸው። ሰው ፊት ነው የቆምከው፤ ሰላም በለው!»

ወጣቱ ደነገጠ። ፊቱ እንደ ልጅ ሆነ። መዝገቡን ወደ ብብቱ ከተተና ጎንበስ ብሎ የባለቤቴን ግራ እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ በእናቱ ቋንቋ፣

«አካም ጅርቱ፣ ባርሲሳ?» አለው። እንዴት አሉ፣ መምህር?

ባለቤቴ ደረቱን ቀና አደረገ።

«ናን ጅራ» አለ። አለሁ ማለት ነው። ሰላም ነኝም ማለት ነው፣ በሕይወት አለሁም ማለት ነው፤ በዚያ አገር ማንም ሰው ለማንም ሲመልስ የሚውለው ቃል ነው። ጥርት ብሎ ነው የወጣው። ከወደቀ ወዲህ እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ከደረጃው ላይ ሳቅም ለቅሶም የሆነ ድምፅ ተነሣ። ግሬደር ነጂው «ሰማህ? ጻፍ እንግዲህ!» ብለው ጮኹ። ወጣቱ ጻፈ። ሲጨርስ ይቅርታ ሊለኝ አፉን ከፈተ፤ አለቃው በጎኑ ሲያልፍ ግን ዘጋው።

ያን ቀን አሸነፍን ብለው የሚያወሩ አሉ። እኔ አሸነፍን አልልም። ያገኘነው የራሳችንን ነው፤ ያውም ዝናብ ላይ ተቀምጠን ለምነን። ባለቤቴ ማታውኑ ትኩሳት ያዘው፣ ሳል ተከተለ። ሳምባውን ሳዳምጠው ከታች በኩል ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። መድኃኒት ገዛሁለት፤ ለኪራይ ካስቀመጥኩት ላይ ነው። ዳነ፣ ግን ያ አቅሙ አልተመለሰም፤ ከዚያ ወዲህ ሾርባም ሲውጥ ያስለዋል። ያ ዝናብ ገደለው አልልም፤ የሙያው ሰው ሆኜ የማላውቀውን አልናገርም። ግን ያን ዝናብ እንዲመታው ያደረገው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

የሞተው በቀጣዩ ጥር ላይ ነው፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ አልጋው ላይ አርፋ ሳለ። ልጃችን ደርሳበት ነበር። ጡረተኞቹ ሁሉ መጡ፤ በሕይወት ሳለ ያነሡት ትከሻዎች ሲሞትም አነሡት።

ሐዘኑ ሲያልቅ ወደዚያው ቢሮ ወጣሁ። ወጣቱ እዚያው ነበር። የሞት ማስረጃውን፣ ከቀበሌ የመጣውን አንድ ወረቀት ሰጠሁት። አየው፣ ማኅተሙን አየ፣ ፋይሉ ውስጥ ከተተው። በቃ። ጠበቅኩ። ሌላ የሚጠይቀኝ ነገር የለም።

«ይኸው ነው?» አልኩት።

«አዎ እናቴ፣ ነፍስ ይማር። እኛ እንጨርሰዋለን።»

«ይህንንስ በአካል ቀርቦ አይደለም? መኖሩን በወረቀት አላምንም ብለህ መሞቱን በወረቀት እንዴት አመንክ?»

ዓይኑን ፋይሉ ላይ ተክሎ ቀረ። እንባዬ ቢመጣም እሱ ፊት አላለቀስኩም፤ ደረጃውን ወርጄ፣ ያ ወንበር ተቀምጦበት የነበረው ቦታ ላይ ቆሜ ነው ያለቀስኩት።

ለሟች ሚስት የሚሰጠው የጡረታው ግማሽ ነው። ሰው ሲሞት ኪራዩም ግማሽ የሚሆን መስሏቸዋል መሰለኝ። አከራዬ ክፍሏን በሐዘን ጊዜ አልጠየቀችኝም፤ ይህን ውለታዋን አልረሳም። በኋላ ግን ራሴ ለቀቅኩላትና ጉደር፣ ኪራይ ረከስ ወዳለበት ወረድኩ። መጽሐፎቹን ልጃችን ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ወሰደቻቸው። ዳቦውን አሁንም እጋግራለሁ።

በየዓመቱ አሁን ከጉደር አምቦ እየመጣሁ የምቀርበው እኔ ነኝ፤ የሟች ሚስት መኖሯን ለማሳየት። ጉልበቴ ደኅና ስለሆነ እወጣለሁ። ከሰልፉ ሰዎች ብዙዎቹ የሉም፤ ግሬደር ነጂውም አርፈዋል። የቀረነው ግን አንድ ነገር ለምደናል፤ ከመካከላችን የተኛ ሰው ካለ ብቻውን አይሄድም። ተጠራርተን አብረን እንሄዳለን፣ ተሰብስበን ደረጃው ሥር እንቆማለን። ማንም መመሪያውን አልለወጠውም፤ «በአካል ይቅረቡ» የሚለው ወረቀት ዛሬም በሩ ላይ አለ። እኛን ሲያዩን ግን ይወርዳሉ።

ባለፈው ያችን የወታደር ሚስት የነበሩትን አሮጊት ይዘን ሄድን። ዳሌያቸው ተሰብሮ ተኝተዋል። ዘመዶቻቸው ሚኒባስ ለምነው የኋላውን ወንበር አጥፈው አስተኟቸው። አዲስ የመጣች ልጅ ናት አሁን የምትሠራው፤ ገና በር ላይ ስንቆም ጃንጥላ ይዛ ወረደች፣ በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ ጉንጫቸውን ሳመችና ጻፈች። ደስ አለኝ፤ ልጅቷን መረቅኳት። አሮጊቷ ግን ከመንደራቸው እስከዚያ ድረስ በየጉድጓዱ ሲጮኹ ነው የመጡት፤ ሲመለሱም እንዲሁ። ሾፌሩ የቆምኩበት ይከፈለኝ ብሎ ቆጣ አለ፤ እውነቱን ነው፣ ሥራው ነው። ከየቦርሳችን አዋጥተን ሰጠነው። ከጡረታችን።